የደም ቧንቧ ግትርነት ምንድን ነው? የአንጓ ብግነት ባለበት ሰው ላይስ ለምን ይለካል?

ደብረ ማርቆስ የምትኖረው አክስቴ ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ አይታዘዙላትም። ሊጥ ለማቡካት መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል እሳት ዳር ተቀምጣ ማሟሟቅ አለባት። ለዓመታት «ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ነው» እያለች ኖረች፤ ጎረቤቶቿም በዚሁ ተስማምተው ነበር። በኋላ ሐኪም በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለ የአንጓ ብግነት መሆኑን ነገራት። ደም ግፊቷን ለካ፣ ስኳርና ኮሌስትሮልም አዘዘላት። ግራ ገብቷት «ልጄ፣ የታመመው እጄ ነው፤ የልቤን ነገር ምን አመጣው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከልብ የመነጨ ስለነበር በሁለት ቃል ልመልሰው አልፈለግሁም።

አስቀድሜ አንድ ስም ላጥራ። በአገራችን «ሩማቲክ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በልጅነት በሚደርስ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብን በሮች የሚጎዳውን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጉለትን በሽታ ነው። እኔ የማነሣው ሌላ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ አከርካሪን የሚያደርቀው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ፣ ሉፐስና መሰሎቻቸው የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ የሚመጡ የብግነት በሽታዎች ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል።

አሁን ወደ ቧንቧው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ እንደ ብረት ቧንቧ ደረቅ አይደለም። ልብ ደም በገፋ ቁጥር ይለጠጣል፤ ልብ ሲያርፍ ይኮማተርና ደሙን ወደ ፊት ይገፋል። የሚለጠጠው በግድግዳው ውስጥ ባለው ኤላስቲን በተባለ ክር ነው። ኤላስቲኑ ተበጣጥሶ ጠንካራው ኮላጅን ሲበዛ ቧንቧው ይገተራል። በቅቤ የታሸን ጠፍርና ፀሐይ ላይ የተረሳን ጠፍር በእጁ የያዘ የጎጃም ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ግትርነቱ ሰውነት ሳይከፈት የሚለካው በፍጥነት ነው። ልጆች ሆነን መጫኛ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንጫወት ነበር። ገመዱን አላልተን አንዱን ጫፍ ስንመታው ሞገዱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ወጥረን ስንመታው ግን ወዲያው ሌላኛው እጅ ይደርሳል። በደም ቧንቧም እንዲሁ ነው። እጃችን አንጓ ላይ ጣት ስናሳርፍ የሚነካን ልብ ያስነሣው ሞገድ ነው፤ ደሙ ራሱ ብዙ ዘግይቶ ይከተላል። ሆላንዳውያኑ ሞንስና ኮርቴቬግ እ.ኤ.አ. በ1878 በቀመር እንዳስቀመጡት፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ የግድግዳው ግትርነት አራት እጥፍ ቢጨምር የሞገዱ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ባለሙያው አንድ መዳሰሻ አንገት ላይ፣ ሌላ ብሽሽት ላይ ያሳርፋል፤ ሞገዱ በሁለቱ ቦታዎች የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት ይይዛል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሜትር ይለካና 80 በመቶው ይወሰዳል። ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የምናሰላው በ48 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.06 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ሜትር ነው፤ በሌላ ሰው 0.04 ሰከንድ ከሆነ 12 ሜትር ይሆናል። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ቧንቧው ተገትሯል የሚባልበትን ወሰን በሰከንድ 10 ሜትር አድርገውታል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የሰከንድ ሃምሳኛ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ፍጥነቱ ለልብ ለምን ይከፋል? ሞገዱ ቧንቧዎች በሚከፋፈሉበትና በሚጠቡበት ቦታ ተላትሞ ይመለሳል፤ የዓባይን ገደል ማሚቶ የሰማ ሰው ይህ አይጠፋውም። ቧንቧው ልስልስ ከሆነ ማሚቶው የሚደርሰው ልብ ሲያርፍ ነው፤ ያን ጊዜ የልብን የራሱን ቧንቧዎች ለመመገብ ያግዛል። ቧንቧው ሲገተር ግን ማሚቶው ቀድሞ፣ ልብ ገና በመግፋት ላይ ሳለ ይደርስና ይጋፋዋል። ልብ የበለጠ ይሠራል፤ እየሠራም የራሱ ቀለብ ይቀንሳል።

የአክስቴ ጣቶችና ይህ ቧንቧ የሚገናኙት በደም ነው። ካበጠው አንጓ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ወደ ደም ይገባሉ፤ ደም ደግሞ የማይደርስበት የለም። የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ቧንቧውን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚገባ ማምረት ያቅተዋል። ይህኛው ጉዳት ብግነቱ ሲረግብ ሊሻሻል ይችላል። የተበጣጠሰ ኤላስቲን ግን በቀላሉ አይመለስም፤ ስለዚህ «ብርድ ነው» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ እጅግ ያሳዝነኛል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት ሩማቶይድ አርትራይተስ ላለበት ሰው የልብና የደም ቧንቧ አደጋ ስሌት በ1.5 እንዲባዛ የሚመክረውም ያለ ምክንያት አይደለም። የእጅ መገተር ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይላላል፣ ባለቤቱም ያውቀዋል፤ የቧንቧ መገተር ግን አያምም፣ አያሳክክም፣ ድምፅም የለውም።

ልኬቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከበረካው ተነሥቶ የመጣ ሰው ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል፤ ከልኬቱ በፊት ለሦስት ሰዓት ቡና፣ ምግብና ሲጋራ አይወሰድም። ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል፤ በእግሩ ረጅም መንገድ መጥቶ ለገባ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ቢታገሡት ደግ ነው። የደም ግፊትም አብሮ ይለካል፤ ግፊት ከፍ ሲል ግድግዳው ስለሚወጠር ሞገዱ በዚያ ብቻ ይፈጥናል። ዕድሜም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና የሰባ ዓመት እናት ከሃያ ዓመት ልጅ ጋር አትነጻጸርም።

መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ከዕለት ሕክምና ይልቅ ለምርምር ነው የሚውለው። የደም ግፊት መለኪያ ግን አለ፤ እሱም ፍንጭ ይሰጣል። ቧንቧ ሲገተር የላይኛው ቁጥር ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል፤ ልዩነታቸው ይሰፋል። በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ልዩነቱ 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሞች እንደ ግትርነት ምልክት ያዩታል። ሕክምናውም ከዚሁ ይጀምራል፦ ብግነቱን በታዘዘው መድኃኒት በጊዜ ማርገብ፣ ግፊቱን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ ደግሞም ዲክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ምክር ለወራት አለመዋጥ፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋልና።

የአክስቴን ደብተር ባየሁት ጊዜ በየቀጠሮው አንድ ቁጥር ብቻ ሰፍሮ ነበር፦ 150፣ 145፣ 150። የታችኛውን የጻፈው የለም። አሁን ከመነሣቷ በፊት «የታችኛውስ ስንት አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ባለፈው 150 በ80 ነበር፤ ልዩነቱ 70 መሆኑን በጣቷ ቆጥራ ለሐኪሟ የነገረችው ራሷ ናት።