‹‹ባንክ›› ምንድን ነው? ስለ ወንዝ ዳርና ስለ ገንዘብ ቤት

ባለፈው ሳምንት ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ አንድ ሰው ለባልንጀራው ሲያስረዳ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ የወንዝ ዳርም ‹‹ባንክ›› ይባላልና፣ እንግሊዞች ገንዘብ ቤቱን በዚያው ቃል የጠሩት ገንዘብ እንደ ወንዝ ስለሚፈስና ባንኩም እንደ ወንዝ ዳር ስለሚያቅፈው ነው አለ። ባልንጀራው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ይህን ማብራሪያ በሥልጠና አዳራሽም በሠርግ ቤትም ሰምቼ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። እንግሊዝኛ ሳስተምርና ስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝና ከእንግዲህ ግን አልችልም።

ነገሩ በዚህ መንገድ የሚፈታ ከሆነ፣ ውኃ ውስጥ መዋኘት ‹‹ዋና›› የተባለው ለእኛ ለባሕር ዳር ልጆች ከጨዋታ ሁሉ ዋናው ስለሆነ ነው ብል ማን ይከለክለኛል? (በርግጥ የእኛዎቹን መጥበቅና መላላት ይለያቸዋል። የእንግሊዝኛዎቹ ሲነገሩም አንድ ናቸውና ፈተናው ይብሳል።)

የገንዘቡ ባንክ የመጣው ከአግዳሚ ነው። የጣሊያን ገንዘብ መንዛሪዎች ሥራቸውን የሚሠሩበት አግዳሚ ‹‹ባንካ›› ይባል ነበር፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግሊዝኛ ገባ። እንግሊዞች ለከሰረ ነጋዴ የሚሉት ‹‹ባንክራፕት›› የሚለው ቃልም ‹‹ባንካ ሮታ››፣ ማለትም የተሰበረ አግዳሚ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሮም ድረስ መሄድ የለበትም። ሐይቁ ዳር ካሉት መጠጥ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበልና ክርኑን ባንኮኒው ላይ ያሳርፍ። ባንኮኒ ያው የጣሊያኑ አግዳሚ ነው። የብርጭቆ ክብ እርጥበት የታተመበት፣ አሳላፊው ብር ተቀብሎ መልስ የሚቆጥርበት ያ ጣውላ ከየትኛውም ገንዘብ ቤት ይልቅ የጥንቱን ትርጉም ይዟል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ሲመርቁ ቃሉ አግዳሚነቱን ረስቶ፣ ተቋም ሆኖ ነው የደረሰን።

የወንዙ ባንክ ደግሞ በሰሜን በኩል፣ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ እንደገባ ይታመናል። ከገንዘቡ በሦስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል።

‹‹እንግዲያው ዝምድና የላቸውም›› የሚል ሌላ አዋቂ ደግሞ ይነሳል። እሱም ተሳስቷል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ፤ በየፊናቸው ወርደው፣ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ጣና ላይ የተገናኙት እርስ በርስ ተጠራርተው አይደለም። እንግሊዝኛ ጣና ነው፤ ጉናው የጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋ ነው። ከዚያው ተራራ የወጣ ቃል አንዱ በስካንዲኔቪያ፣ ሌላው በጣሊያንና በፈረንሳይ ዞሮ መጣ። ሦስተኛ ጅረትም አለ፦ ቀዛፊዎች የሚደረደሩበት አግዳሚ። መብራት ወይም ቁልፍ በተርታ ሲደረደር ባንክ የሚባለው በእሱ ነው። ምሳሌዬ የሚያነክሰው ጉናን ወጥቶ ማየት ሲቻል የዚያን ቃል ምንጭ ግን በጽሑፍ ማግኘት ባለመቻሉ ነው፤ ሊቃውንት ልጆቹን አነጻጽረው ያቆሙትን ሥር ከፊቱ የኮከብ ምልክት (*) አድርገው ይጽፉታል።

ትርጉሙ ከፍ ብሎ የተደለደለ ነገር እንደማለት ነው። ይህ ለሚከብደው ሰው መድኃኒቱ ‹‹መደብ›› ነው። ከግድግዳ ተጠግቶ በጭቃ የተሠራው መቀመጫ መደብ ነው፣ ጎመን የሚተከልበት ከፍ ያለ አፈር መደብ ነው፣ ነጋዴዋ ሽንኩርት የምትዘረጋበትም የገበያ መደብ ነው። አፈሩና ንግዱ በአንድ ቃል ሲገቡ ገንዘብ ይፈሳል ብሎ መፈላሰፍ ያስፈለገው ሰው አልሰማሁም።

ሳይጠየቅ አንድ ልጨምር፦ ለጎብኚ በሚታተም ወረቀት ላይ ጣናን ‹‹ባንክ›› ያለው የምታደርጉ ተርጓሚዎች ተዉ። ባንክ በተለምዶ ለወንዝ ነው፤ ለሐይቅ ሌላ ቃል አላቸው።

በመመለሻችን ጀልባው ከሐይቁ ወደሚወጣው ዓባይ ተጠጋ። አንድ ጉማሬ ከውኃው ወጥቶ ጭቃው ላይ ቆሟል። ‹‹ይኸውልዎት፣ የወንዙ ባንክ ይህ ነው›› አልኩት ያን ሰው። ጉማሬውን ትኩር ብሎ አየና፣ ‹‹ጋሼ፣ ዘበኛውማ ከእኛ ባንክ ዘበኛ ይበልጣል›› አለኝ።