በድረ ገጽ የሚከፈት ካርታ አሠራር፦ በሀዋሳ ምሳሌ

በድረ ገጽ የሚከፈት ካርታ የሚነካ፣ የሚሰፋና የሚጠየቅ ካርታ ነው። የሀዋሳን ካርታ በስልኩ የከፈተ ሰው በጣቱ አስፍቶ ፒያሳ ይደርሳል። አሞራ ገደል ላይ ያለውን ነጥብ ሲነካ የዓሣ ገበያው ስምና መግለጫ ብቅ ይላል። ከጀርባ ያለው ጂአይኤስ ነው፤ ቦታንና ስለ ቦታው የሚታወቀውን አንድ ላይ የሚይዝ የመረጃ ሥርዓት ማለት ነው።

ሥራው ብዙ ጊዜ በኪውጂአይኤስ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ፣ ካርታ የሚሠራበት ነፃ ፕሮግራም ነው። ለሶፍትዌር የሚከፍለው ለሌለው ተማሪም ሆነ ክፍለ ከተማ ትልቅ እፎይታ ነው። መንገዱ፣ የሐይቁ ዳርቻ፣ ጤና ጣቢያው በየራሱ ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚነጠፍ የካርታ ሽፋን፣ ይቀመጣል። መነሻው መረጃ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነፃ የዓለም ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ይወርዳል። የጎደለውን በእግር ዞሮ በስልክ ጂፒኤስ መልቀም ነው። ከዚያ ሌየሩ የጂኦጄሰን ፋይል (የቦታ መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ዓይነት) ሆኖ ይወጣል፣ ሊፍሌት ደግሞ ድረ ገጽ ላይ ያሳየዋል። ሊፍሌት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ቀላል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው፤ በድረ ገጽ ቋንቋ ተዘጋጅቶ የተጻፈ የኮድ ስብስብ ማለት ነው። ኮድ የማይጽፍ ሰው በኪውጂአይኤስ ፕለጊን (ፕሮግራሙ ላይ በሚጨመር መሣሪያ) ያንኑ ማውጣት ይችላል።

ካርታን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታን የሚያመለክተው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም (ኮኦርዲኔት በሚለካበት መነሻ) የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ ደብልዩጂኤስ 84 ይባላል። የአዲንዳኑ ቁጥር ሳይቀየር እንዳለ ከተጫነ ሁሉም ነገር 200 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። የሀዋሳ ሐይቅ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ ዳርቻው ላይ ያለ ቤት ውሃ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ሀዋሳ በግምት 7.05 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.48 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። ጂኦጄሰን ኬንትሮሱን (የምሥራቁን ቁጥር) ያስቀድማል፣ ሊፍሌት ደግሞ ኬክሮሱን (የሰሜኑን)። ሁለቱ ከተቀያየሩ ሀዋሳን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ምዕራብ ታገኟታላችሁ።

የካርታው ክብደትም ሊታሰብበት ይገባል፤ የሞባይል ዳታ ውድ ነው። ከራሳችን ሌየሮች ሥር የሚነጠፈው የጀርባ ካርታ የሚመጣው 256 በ256 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ተቆራርጦ ነው። ዙም ዜሮ ላይ ዓለም በሙሉ አንድ ካሬ ናት፤ አንድ ደረጃ ሲሰፋ እያንዳንዱ ካሬ አራት ይሆናል። የሚጫነው በስክሪኑ ዙሪያ ያለው ብቻ ነው። የራሳችን ጂኦጄሰን ግን ሙሉውን ይወርዳል። የሐይቁ ዳርቻ በሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ከተሣለ ገጹ ይንቀራፈፋል። መስመሩን በኪውጂአይኤስ ማቅለል፣ ማለትም ነጥቦቹን መቀነስ ያስፈልጋል።

የቦታ ስም በአማርኛም በሲዳምኛም ቢገባ ካርታው ለከተማው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (የግዕዝ ፊደልንም በሚይዘው የፊደል ኮድ) ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ የተጠቀመ ሰው ምንጩን ካርታው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት። የተለመደው ቦታ የታችኛው ጥግ ነው።