ተጨማሪ ልኬት ምንድን ነው?

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ጣናን ስታዩት ውኃ አይመስልም። የተዘረጋ አንሶላ ነው። ርዝመት አለው፣ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከዚያ ላይ ሆኖ አይታይም። ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ እዚያ ይዣት ወጥቼ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ፊዚክስ ትወዳለች፤ ቲክቶክን ደግሞ ከፊዚክስ አብልጣ ትወዳለች።

"ጋሼ፣ ሌላ ዳይሜንሽን ውስጥ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ።

በእሷ አይፈረድም። ስልኳ ላይ "ሌላ ዳይሜንሽን" የሚባለው መናፍስት የሚኖሩበት፣ በር ተከፍቶ የሚገባበት ሰፈር ነው። የፊዚክስ ሰዎች ግን እንዲያ ማለታቸው አይደለም። ዳይሜንሽን፣ በእኛ ልኬት፣ ቦታ ሳይሆን የመሄጃ አቅጣጫ ነው። ፊትና ኋላ አንድ፣ ግራና ቀኝ ሁለት፣ ላይና ታች ሦስት። ጊዜን አራተኛ አድርገው ይቆጥሩታል። ተጨማሪ ልኬት አለ ወይ ማለት፣ ከእነዚህ ሌላ እስከ ዛሬ ያላስተዋልነው አቅጣጫ አለ ወይ ማለት ነው።

ካለስ የት ተደበቀ? መልሱ ፊታችን ተዘርግቶ ነበር። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ80 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁን አሳንሰን አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ብናሳርፈው ጥልቀቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የወረቀቱን ውፍረት ግማሽ ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ካሉዛ እ.ኤ.አ. በ1919 ለአይንስታይን ጻፈለት። የስበትን ቀመር በአራት ፈንታ በአምስት ልኬት ሲሠራው የኤሌክትሮማግኔት (የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል) ቀመር አብሮ ብቅ አለ። ባዕድ የሚመስሉት ሁለት ኃይሎች የአንድ እናት ልጆች ሆነው ተገኙ። በ1926 ደግሞ ስዊድናዊው ኦስካር ክላይን አምስተኛው ልኬት የማይታየው ተጠቅልሎ ስላለ ነው አለ። ጀልባ የታሰረበትን ገመድ ከሩቅ እዩት፤ መስመር ነው። ገመዱ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ግን በጎን ዞራ ትጠፋና በሌላው በኩል ብቅ ትላለች። ኋላ የመጣው፣ ቁስ ሁሉ ከሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች የተሠራ ነው የሚለው የስትሪንግ ቲዎሪ ጊዜን ጨምሮ አሥር ልኬት ይፈልጋል።

ከኮረብታው ወርደን ሐይቁ ዳር ደረስን። ለእኔ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። የማይታይ ጥልቀት ሳይጠልቁ እንዴት ይለካል?

ውኃ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር አጋጩ እንበል። ድምፁ መጀመሪያ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይበተናል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክማል። ጥቂት ሜትር ሄዶ ወለሉን ሲነካ ግን የታች መንገዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የሚሰፋው ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ ድካሙ ቀስ ይላል። (ጭቃው የሚውጠውን ድምፅ ለጊዜው እንርሳው።) ድምፁ በቅርብ እንዴት፣ በሩቅ እንዴት እንደሚደክም የለካ ሰው ወለሉን ሳያይ ጥልቀቱን ያውቃል።

ስበትም እንደዚያው ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበት ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ የተደበቀ ልኬት ካለ ግን፣ በጣም በቅርብ ሲለካ፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበት ወደ አንድ ስምንተኛ መውረድ አለበት።

ስበት ደግሞ ጉድ የሚያሰኝ ደካማ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት ምስማር ታነሳለች፤ ምድር በሙሉ ከታች እየጎተተች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፊዚክስ ሊቆቹ ኒማ አርካኒ-ሃመድ፣ ሳቫስ ዲሞፑሎስና ጊያ ድቫሊ አንድ ደፋር ሐሳብ አመጡ። ሌሎቹ ኃይሎች ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ደንገል በሦስቱ ልኬቶች ላይ ይቀራሉ፤ ስበት ብቻ ይጠልቃል። ደካማ የመሰለን አብዛኛው ወደ ተደበቁት ልኬቶች ስለሚበተን ነው። የእነዚያም ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል አሉ። ያኔ ከሚሊ ሜትር በታች ስበትን በደንብ የለካ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ "ውሸት!" የሚል ማስረጃ አልነበረም።

ኋላ ግን ተለካ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ሚዛን ሠርተው፣ በጣም የተጠጋጉ ጠፍጣፋ ብረቶች እንዴት እንደሚሳሳቡ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ውጤት እስከ 0.052 ሚሊ ሜትር ድረስ የድሮው የኒውተን ሕግ ንቅንቅ አላለም። ቁጥሯን አስታወሳችኋት? ወረቀታችን ላይ የጣና ጥልቀት የሆነችው ናት። አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ደስ ብሎኛል። ጄኔቫ አጠገብ ያለው 27 ኪሎ ሜትር የሚዞረው የጥቃቅን ቅንጣቶች ማጋጫ፣ ኤልኤችሲም፣ በግጭት መሀል ኢነርጂ ሾልኮ ሲጠፋ አገኝ ይሆን ብሎ ፈልጓል። እስካሁን ምንም።

ሌላ ምስክር አለ፤ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ዩኒቨርስ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁሉም ነገር እንደ ምጣድ የጋለ ነበር፤ ሂሊየም የተጋገረውም ያኔ ነው። ከዚያ ሙቀት ብዙው ወደ ተደበቀ ልኬት ሾልኮ ቢሆን የመስፋቱ ፍጥነት ይዛባ ነበር፤ የሂሊየሙም መጠን እንዲሁ። እንጀራው ዓይን ካላወጣ ምጣዱ እንዳልጋለ ይታወቅ የለ? ሲለካ ከተራው ቁስ በክብደት ሩብ ያህሉ ሂሊየም ነው፤ ያለ ተጨማሪ ልኬት ከሚሰላው ጋር ይገጥማል። ልኬቱ የለም ማለት አይደለም፤ ካለ ግን ያኔም ብዙ አልሰረቀም።

(እ.ኤ.አ. በ1999 የፊዚክስ ሊቆቹ ሊሳ ራንዳልና ራማን ሰንድረም ልኬቱ በኃይል ከተጣመመ ሰፊ ሆኖም ሊደበቅ እንደሚችል አሳይተዋል። እሱን ሌላ ቀን።)

እኔ በበኩሌ ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ግን አስይዤ አልወራረድበትም።

"እሺ፣ ሰውስ አለ?" አለች ልጅቷ፤ ጥያቄዋን አልረሳችም። እነ አርካኒ-ሃመድ እንዳሉት ተጠቅልሎ ያለ ልኬት ቢኖር እንኳ የወረቀት ግማሽ ውፍረት አይሞላም አልኳት። አንዲት የጤፍ ፍሬ ከዚያ ከ10 ጊዜ በላይ ትወፍራለች።

"ጤፍም አይገባ?" ብላ ሳቀችና ስልኳን አወጣች።