«ሰው የለኝም»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ነው። ጌታ በመጠመቂያው ዳር 38 ዓመት የታመመውን ሰው «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። እርሱ ግን «እወዳለሁ» አላለም፤ «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያው ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» አለ (ዮሐ. 5፥7)። ውኃው አጠገቡ ነበር። መልአኩም ውኃውን ሊያናውጥ ይወርድ፣ ቀድሞ የገባውም ይድን ነበር። የታጣው ተሸካሚ ነው።

ጆን ኢሊፍ የተባለ የካምብሪጅ የታሪክ ምሁር የአፍሪካን ድሆች ታሪክ ሲያጠና የክርስቲያኒቱን ኢትዮጵያ ነዳያን ቀድሞ አንሥቷል። መሬት በተትረፈረፈበት ዘመን የድሀ ድሀ የነበረው መሬት ያጣ ሳይሆን ጉልበትና ወገን ያጣ ነው ይላል፤ ዐይነ ስውሩ፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ መበለቲቱ፣ ድሀ አደጉ። እርሻ ቢኖራቸውስ ማን ያርስላቸዋል? ምሁሩ ስለ መጻጉዕ የጻፈ አይመስለውም፤ እኔ ግን ያነበብሁት እንደ አንድምታ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስም ይህን ዐውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ368 ግድም በዛሬዋ ቱርክ ያለችውን ቀጰዶቅያን ረኃብ ሲመታት ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች ገሠጸ፤ ኋላም ከቂሣርያ ወጣ ብሎ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ሠራ፤ ሐኪሞችም ነበሩበት። ወዳጁ ጎርጎርዮስ የጻፈለት ግን ስለ ሕንፃው ብቻ አይደለም፤ ሰው የሸሻቸውን ለምጻሞች እንደ ወንድም መሳሙንም ነው።

እኛ ደግሞ ለማኙን «የእኔ ቢጤ» እንላለን። እንዴት ያለ ስም ነው! አፋችን ከእጃችን ቀድሞ ጸድቋል።

እዚሁ ሐዋሳ፣ ገብርኤል ደጅ፣ በ19 ቀን ከቅዳሴ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ለሚቀመጡ እናት እንደ ልማዴ ብር ጣል አድርጌ ላልፍ ስል ነጠላዬን ያዙኝ። «ልጄ፣ ብሩስ ይሁን፤ ዐይኔን እያመመኝ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ካርድ የሚያወጣልኝ ሰው የለኝም።»

ሰው የለኝም! ወንጌሉን ቃል በቃል።

በማግስቱ ይዣቸው ሄድሁ። ካርድ ክፍል ተራችን ሲደርስ ልጅቱ «አስታማሚያቸው ማነው?» አለች። «እኔ» አልሁ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«የታማሚዋ ስም?»

ስንት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ስጥልላቸው ኖሬ፣ ዞሬ እርሳቸውን ጠየቅሁ።