ከቦዔዝ እርሻ የበላን ሰዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወገኖቼ። ዛሬ መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2ን አብረን እንድናይ እፈልጋለሁ። አጭር ምዕራፍ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ ትነበባለች።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሩት ሞዓባዊት ናት። ባሏ ሞቶባታል። አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ቤተ ልሔም ገብታለች። ወቅቱ የገብስ አጨዳ ነው፤ እቤት ግን የሚቀመስ የለም። ስለዚህ ቃርሚያ ልትለቅም ወጣች። እግሯ የጣላት ቦዔዝ እርሻ ላይ ነው። ምሳ ሲደርስ ቦዔዝ ጠራትና ከአጫጆቹ ጎን ተቀመጠች። እንጀራዋን ሆምጣጤ እያስነካች በላች። የተጠበሰ እሸትም ሰጣት። ጠገበች፣ ተረፋትም። የተረፋትን ይዛ ማታ ለአማቷ ሰጠቻት። የለቀመችውን ስትወቃው ደግሞ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ወጣው።

ይህን ክፍል ስንሰብክ ቶሎ ብለን ወደ ቦዔዝ ደግነት እንሄዳለን። ደግ ሰው ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ግን ሩትን እዚያ እርሻ ውስጥ ያስገባት ሕጉም ጭምር ነው። ዘሌዋውያን 19፥9-10ን ተመልከቱ። ስታጭድ የእርሻህን ዳር አትጨርስ፣ ቃርሚያውንም አትልቀም፣ ለድሃና ለመጻተኛ ተወው ይላል። ሩት ድሃም ናት፣ መጻተኛም ናት። እስራኤል በሲና የተቀበለው ሕግ ለሞዓባዊቷ ሴት እራት ሆነላት። ከእሷ ደግሞ ኢዮቤድ ተወለደ፣ ከኢዮቤድ እሴይ፣ ከእሴይ ዳዊት። ጌታችንም በሥጋ ከዚሁ ቤት ነው።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው። ከአሕዛብ የሆንን እኛ መጀመሪያ የበላነው ከአይሁድ እርሻ ነው። የአይሁድን ሕዝብ እንርዳ አንርዳ ብለን ስንከራከር ግን ይህን እንዘለዋለን። ሰጪዎቹ እኛ፣ ተቀባዮቹ እነሱ አድርገን ነው ወሬውን የምንጀምረው።

ጳውሎስ እንደዚያ አልጀመረም። ሮሜ 15 ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ተነስቷል። የመቄዶንያና የአካይያ ምእመናን በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ቅዱሳን ገንዘብ አዋጥተዋል። ወደው ነው ያደረጉት ይላል። ወዲያው ግን ባለ ዕዳዎችም ናቸው ብሎ ይጨምራል። አሕዛብ ከእነሱ መንፈሳዊውን ነገር ከተካፈሉ፣ በሥጋዊው ነገር ሊያገለግሏቸው ይገባል። ልብ በሉ፣ እዚህ ባለ ዕዳው ሰጪው ነው።

ለጳውሎስ ደግሞ ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ አልነበረም። ለቆሮንቶስ ሰዎች በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዳችሁ እንደ ቀናችሁ መጠን ለይታችሁ አስቀምጡ ብሏቸዋል። እሱ ሲመጣ ግርግር እንዳይሆን ነው። ገንዘቡን ብቻውን ሊይዝም አልፈለገም። ስለዚህ ትልቅ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ይላል በሁለተኛው መልእክቱ። ሐዋርያት ሥራ 20፥4 ላይ አብረውት የተጓዙት በስም ተቆጥረዋል፦ ሶጳጥሮስ፣ አርስጥሮኮስ፣ ሲኮንዱስ፣ ጋይዮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ ቲኪቆስ፣ ጥሮፊሞስ። ብዙ ተርጓሚዎች የየአብያተ ክርስቲያናቱ መልእክተኞች ናቸው ይሏቸዋል። ሰባት ሰው! ዛሬ በአንድ ሰው የባንክ ቁጥር መዋጮ ለምንሰበስብ ሰዎች ትንሽ ያሳፍራል።

አንድ ሰው እዚህ ጋ ሊያስቆመኝ ይችላል። ያ ገንዘብ እኮ በክርስቶስ ላመኑ አይሁድ ነው የተሰበሰበው ይለኛል። ልክ ነው። ግን ጳውሎስ ያቀረበውን ምክንያት እዩ። ምክንያቱ ከእነሱ የተቀበልነው መንፈሳዊ ሀብት ነው። ሮሜ 9፥4-5 ላይ ይዘረዝረዋል፦ ክብሩ፣ ኪዳናቱ፣ ሕጉ፣ አምልኮቱ፣ ተስፋዎቹ፣ አባቶች፣ በሥጋም ክርስቶስ። ይህን የጻፈው ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ ወንጌሉን ባልተቀበለበት ሰዓት፣ ልቡ እያዘነ ነው። በኋላም ፊልክስ ፊት ለፍርድ ሲቆም ለሕዝቤ ምጽዋት ላደርግ መጣሁ ነው ያለው። የቅፍርናሆሙን መቶ አለቃም አስታውሱ። የአይሁድ ሽማግሌዎች ለጌታ ስለ እሱ ሲመሰክሩ ሕዝባችንን ይወዳል፣ ምኩራብም ሠርቶልናል አሉ። ለሰዎቹ ማምለኪያ ቤት ሠራላቸው እንጂ ሃይማኖታችሁን ቀይሩ አላላቸውም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደኝ።

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቄስ የሚያነቡት ኦሪትና የጎንደር ደብተራ የሚያነቡት ኦሪት ቋንቋው አንድ ነው፤ ግእዝ ነው። ሁለቱም ቤት ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። የቅዳሜን ክብር ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ ተቀራርበን ሳለ ምን አደረግን? ርስት ከለከልናቸው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድራል፤ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ማረሻችንን የሠራልን እሱ፣ ምጣዳችንንና ጀበናችንን የሠራችልን እሷ። እኛ ግን ቡዳ ናቸው አልን። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አልን። ይህን ሲል የነበረው ደግሞ ጾም የሚጾም፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ መንገድ ዳር ትንንሽ ጥቁር የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ፤ አንበሳው አለ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበትም አለ። እንግዳ ሁሉ እየገዛ ይሄዳል። የሠሪዎቹን ታሪክ ግን ስንቶቻችን በጉባኤ ሰምተነዋል?

ስግድን ደግሞ ተመልከቱ። ከዮም ኪፑር፣ ከአይሁድ የማስተሰረያ ቀን፣ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል የቤተ እስራኤል በዓል ነው። ምእመናኑ ጾመው፣ ነጭ ለብሰው ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቹ ባለ ቀለም ጥላ ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ ኦሪቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ይወጣል። እላይ ላይ የሲናው ሕግ ይነበባል፣ ከነህምያም ይነበባል፤ ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሶ ሕጉን ሲሰማ ያለቀሰበት ክፍል ነው። ይሰግዳሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም መልሰን ብለው ይለምናሉ። ከሰዓት በኋላ ወርደው ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ይዘፍናሉ። በኋለኛው ዘመን ትልቁ ጉባኤ ጎንደር፣ አምቦበር ነበር የሚደረገው። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ የመቅደሱን ተራራ ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ይከበራል። የእስራኤል ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። በየትኛውም ዓለም ያለ ክርስቲያን ነህምያ 8ን አንብቦ እንዴት ይሆን የነበረው ብሎ ይገምታል። እኛ ግን ጎረቤታችን ነበረ። ወጥተን ማየት እንኳ አልፈለግንም።

ወደ እስራኤል የመመለሱን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አላረዝመውም። በ1970ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደርና ከትግራይ ሌሊት ሌሊት በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች በበሽታና በረሃብ አለቁ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ አለ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰው ከሱዳን ተወሰደ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወጣ። አንዱ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ነው የተነሳው። በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 20፣ ከተማዋ በኢሕአዴግ እጅ ገባች።

ሁሉም ግን አልሄደም። ለዚህም የእኛ ቤት ታሪክ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ ከለንደን መጣ። ሌሎችም ተከተሉ። ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ መጽሐፍ አደሉ፣ አጠመቁ። በቅን ልብ የመጡ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ግን ርስት ለሌለው፣ ለተናቀ ሰው ጥምቀትና የተሻለ ኑሮ አንድ ላይ ሲቀርብለት፣ የትኛውን እንደመረጠ በምን ይታወቃል? ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። የተጠመቁት ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ አይሁድን ወደ እስራኤል በሚያስገባው የመመለስ ሕግ በቀጥታ አይገቡም፤ ለእነሱ የእስራኤል መንግሥት በየጊዜው የተለየ ውሳኔ መወሰን አለበት። ወንድም እዚያ፣ እህት ጎንደር ሆነው ዓመታት የሚቆጥሩት በዚህ የተነሳ ነው። እዚህ የቀሩት ቀያቸውን ትተው ከገጠር ወደ ከተማ ገቡ። በኪራይ ቤት ይኖራሉ፣ የቀን ሥራ ይሠራሉ። በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ሌላ ጭንቅ ጨምሯል።

ስለዚህ እርዳታ ስትሰጡ ወንጌልን መደለያ አታድርጉት። ስለ ጌታ ለሚጠይቃችሁ መልሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ዱቄቱን ግን ከዚያ ጋር አታያይዙት።

ሌላም አለ። ዘፍጥረት 12፥3ን፣ የሚባርኩህን እባርካለሁ የሚለውን፣ ይዘው ለእስራኤል ስጡ፣ በረከታችሁ ይከፈታል የሚሉ ሰባኪዎች በዝተዋል። ለአብርሃም የተሰጠው ተስፋ እውነት ነው። ግን ዕቁብ አይደለም፣ ተራችን ሲደርስ የምንበላው። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ትርፍ አይጠይቅም። አንዳንዱ ደግሞ ስንት አይሁድ አገሩ ገባ እያለ የመጨረሻውን ዘመን ይቆጥርበታል። እናት ልጇን ኤርፖርት ስትቀበል እሱ ሰዓቱን ነው የሚያየው። እኔ በበኩሌ አይመቸኝም። የአንድን መንግሥት ውሳኔ ሁሉ አሜን ማለትም ሕዝቡን መውደድ አይደለም። ኤርምያስና አሞጽ ሕዝባቸውን እየወደዱ ነገሥታቱን ገሥጸዋል። ቤተ ልሔም ውስጥ ዛሬም ፍልስጤማውያን ክርስቲያኖች አሉ፤ እነሱም ወንድሞቻችን ናቸው።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት እንስጥ? እዚህ ላይም መምህሮቻችን አይሁድ ቢሆኑ ይሻላል። ከጥንት ጀምሮ ኩፓ የሚባል የድሆች ሣጥን አላቸው። በአባቶቻቸው ሥርዓት ገንዘቡን የሚሰበስቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚያከፋፍሉት ደግሞ ሦስት። አንድ ሰው ብቻውን አይነካውም። ጳውሎስ በዚህ ቤት ያደገ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ታላቁ መምህር ማይሞኒደስ ደግሞ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍለውታል። ከሁሉ የሚበልጠው ሰውየው ሳይወድቅ መያዝ ነው፤ ብድር ሰጥቶ፣ ሸሪክ አድርጎ፣ ሥራ ፈልጎለት። ለአንድ በዓል ዘይትና ዱቄት ማደል መልካም ነው። ለአንዲት ሸክላ ሠሪ የመሥሪያ ቦታ ኪራይ መሸፈን ግን በማይሞኒደስ ሚዛን ይበልጣል።

የተደራጀውን ሥራም እወቁ። ጆይንት የሚባለው የአይሁድ የእርዳታ ድርጅት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። በቁስጥንጥንያ የነበሩት የአሜሪካ አምባሳደር ሄንሪ ሞርገንታው ኢየሩሳሌምንና አካባቢዋን ጨምሮ በፍልስጤም ምድር ላሉ አይሁድ 50,000 ዶላር ላኩ ብለው ወደ ኒውዮርክ ቴሌግራም መቱ። ተዋጥቶም ተላከ። ድርጅቱ ዛሬም በዩክሬን ላሉ አረጋውያን ምግብ፣ መድኃኒትና የክረምት ማሞቂያ ያደርሳል። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ከናዚ እልቂት የተረፉ ናቸው፤ በስተርጅና ደግሞ የ2014 ዓ.ም. የካቲት ጦርነት መጣባቸው።

በመጨረሻ፣ እስራኤል ለምትኖሩ አንባቢዎቼ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ልስጣችሁ። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ተወላጅ ቁጥር ከ160,000 በላይ ነው። ልጆቹ ዕብራይስጡን እንደ ውኃ ይጠጡታል። ከአያቶቹ ግን ብዙዎቹ ከአማርኛና ከትግርኛ በቀር አይሆንላቸውም። ደብዳቤ ይመጣል፤ ከባንክ፣ ከክሊኒክ፣ ከማዘጋጃ ቤት። ልጅ ሥራ ላይ ነው። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። የምታውቋቸው አዛውንት ካሉ አባባ፣ እማማ ብላችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ግቡ። አንብቡላቸው። መፈረም ያለበት ነገር ካለ ልጃቸው ሳያይ አታስፈርሙ። የሐኪም ቀጠሮ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን በአማርኛ፣ ፊደሉን ጎላ አድርጋችሁ ጻፉላቸው። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ እሱንም ጠይቁ።