«ሦስት ቀን ቆልፉበት»

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ስለ ሱስ የሚያውቁትን ሁሉ ከድራማ የተማሩ ቤተሰቦች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ድራማ ላይ ሱሰኛ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ የእናቱን ወርቅ የሰረቀ ጎረምሳ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው።

«አንዴ ከቀመሰ አለቀለት» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከሚቀምሱት አብዛኞቹ ሱስ አይይዛቸውም። (ቅመሱ አላልኩም።)

«ሱስ ማለት ሐሺሽ ነው»? እኔ ጋ በብዛት የሚያመጣቸው አረቄ ነው። አዋጅ 1112/2011 እስኪያስቀረው ድረስ እኮ የሱሰኛውን ድራማ አቋርጦ የቢራ ማስታወቂያ ይገባ ነበር።

የሚያበሽቀኝ ግን የቁልፉ ነገር ነው። ድራማው ላይ ሱሰኛውን ወንድሙ ክፍል ውስጥ ይቆልፍበታል። ይጮኻል፣ ያልበዋል፣ ከጀርባ ዋሽንት ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ፂሙን ተላጭቶ ይወጣል። ምላጩን ማን እንዳቀበለው እንጃ!

ጫት ከሆነ ሐራራው ያነጫንጨዋል፣ ማታ ዱካክ ይጫነዋል፤ ያልፋል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ግን ድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። አልኮል ሲያደነዝዘው የኖረ አንጎል ነቅቶ ለመቆየት ራሱን ያጦዛል። አልኮሉ ሲቀር ጡዘቱ ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል። በ48 ሰዓት ውስጥ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ መቃዠት ይመጣል፤ ድራማው «ዳነ» በሚልበት ሰዓት ማለት ነው።

አንድ አናጢ እንዲህ ተቆልፎበት ከርሞ በሦስተኛው ቀን አመጡት። ከጋቢው ላይ ጉንዳን ይለቅማል። ጉንዳን የለም። ቤተሰቡ «ሰይጣን ነው» ብለዋል። እናቱ የክፍሉን ቁልፍ ነጠላቸው ጫፍ ላይ እንደቋጠሩ ነበሩ። ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ተሰጠው። በአራተኛው ቀን ጉንዳኑን ተወ።

ስለዚህ ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤታችሁ ካለ በር አትቆልፉበት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል አለላችሁ። ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክር ጥሎ አንፈራግጦት ከነበረ ይህን ሳትጠየቁ ተናገሩ። እስከዚያው ጨርሶ አታስቁሙት። አዎ፣ ነርስ ሆኜ ነው የምለው።

አናጢው በሁለት ወሩ ተመልሶ ጠጣ። እናቱ «በከንቱ ለፋን» አሉኝ። የራሳቸው ስኳር ባለፈው ወር 300 ገብቶ ነበር፤ ሐኪማቸው መድኃኒት ጨመረላቸው እንጂ «በከንቱ ለፋን» አላለም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁ። የልጃቸው ቀጠሮ ሐሙስ ነው።