አድቨርጌም ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብሎኝ ጌም ይጫወታል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንድ ገጸ ባህሪ እየሮጠ ብስኩት ይለቅማል። ብስኩቱ ላይ የፋብሪካው ስም ተጽፏል፤ መንገዱም ሰማዩም የማሸጊያውን ቀለም ተቀብቷል።

«ይሄ እኮ ማስታወቂያ ነው» አልኩት።

ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አይደለም ጋሼ፣ ጌም ነው። ማስታወቂያ ኤክስ አለው» አለኝ።

አድቨርጌም ማለት ይሄ ነው። በጌሙ መሃል የሚገባ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ ራሱ ማስታወቂያ የሆነ ጌም። ቲቪ ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ፕሮግራሙ ይቋረጣል፣ ሙዚቃው ይቀየራል፤ ልጁም ሌላ ነገር እንደመጣ ያውቃል። እዚህ ግን የሚቋረጥ ነገር የለም። የሚዘጋ ኤክስም የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የዱቄት ጭማቂው ኩል-ኤይድ በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የራሱ የቪዲዮ ጌም ነበረው። የቁርስ ሲሪያል አምራቹ ጄኔራል ሚልስ ደግሞ በ2004 ሚልስቤሪ የምትባል የኢንተርኔት ከተማ ከፈተ። ልጆች እዚያ ቤት ሠርተው፣ ዕቃ ገዝተው «ይኖሩ» ነበር። በ2010 ተዘጋች። የቲቪ ማስታወቂያ 30 ሰከንድ ቢሆን ነው፤ እንዲህ ያለ ጌም ላይ ግን ልጅ ሰዓታት ይቀመጣል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እኛ ማስታወቂያ ስናይ «ይሄ ሰውዬ ሊሸጥልኝ ነው» ብለን ነቃ እንላለን። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል በ2004 እንዳስታወቀው፣ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው እንደሚሞክር ገና አይረዱም። ልጅ ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ አእምሮው ገና እዚያ አልደረሰም። መከላከያ የሌለውን ሰው፣ ያውም እየተጫወተ ሳለ መሸጫ ማድረግ ለእኔ ማታለል ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ጥናት ይበልጥ አሳዝኖኛል። 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱባቸውን 135 አፖች አይተው፣ 95 በመቶው ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አገኙ። በአንዱ አፕ ልጁ ለሽያጭ የቀረበለትን ዕቃ ሳይገዛ ሲቀር የካርቱን ገጸ ባህሪው ያለቅስ ነበር። አስቡት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ወዳጁን እንዳስለቀሰ ሲያስብ። የሰው አንጀት እየበሉ መሸጥ ለአዋቂም ከባድ ነው፤ ለሕፃን ደግሞ ጭካኔ ነው።

ሕግ የሞከሩ አሉ። የካናዳዋ ኩቤክ ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚቀርብ የንግድ ማስታወቂያን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም የኢንተርኔት መድረኮች የልጆችን የግል መረጃ እየሰበሰቡ ማስታወቂያ እንዳያነጣጥሩባቸው ከልክሏል። ልጆች የሚያዘወትሩት የኢንተርኔት ጌም መድረክ ሮብሎክስም በ2023 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ተጫዋቾች ማስታወቂያ እንዳይታይ ወስኗል።

ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቹ ጌሞች ዕድሜ የሚያውቁት አካውንቱ ላይ ከተሞላው ቁጥር ነው። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው በእኔ ስልክ፣ በእኔ አካውንት ነው። ለጌሙ እሱ የ36 ዓመት ሰው ነው።